ሠራተኛውና ቦርከና የፋብሪካ ወጪ መክፈያ አይሁኑ፦ ከኮምቦልቻ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢንቨስትመንት፣ ለሥራና ለአካባቢ ጥበቃ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ የከተማ፣ የዞንና የክልል ኃላፊዎች በሙሉ
ደሴ እና ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ የፋብሪካ ፈቃድ፣ ማስፋፊያና ቅጣት ሲወሰን የሠራተኛው ደመወዝና የቦርከና ወንዝ ውሃ አብረው እንዲታዩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ ያጻፉን በአንድ ሰሞን የተላለፉ ሁለት ውሳኔዎች ናቸው። በመጀመሪያው ውሳኔ፣ ማቅለሚያ ክፍል ያለው አንድ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያውን «በሂደት እንዲያሟላ» ተብሎ የማስፋፊያ ፈቃድ አገኘ። በሁለተኛው፣ ያልተጣራ ፍሳሽ ሲለቅ የተያዘ ሌላ ፋብሪካ ለ15 ቀን ታሸገ፤ ሠራተኛውም ያለ ደመወዝ ቤቱ እንዲቀመጥ ተነገረው። በ16ኛው ቀን እሽጉ ሲነሳ ማጣሪያው ላይ አንድ ፓምፕ አልተቀየረም፣ አንድ ብሎን አልጠበቀም። ወንዙ 15 ቀን አረፈ፣ ከዚያ የበፊቱ ፍሳሽ ተለቀቀበት። ሠራተኛው ግን የግማሽ ወር የቤት ኪራይና ቀለብ አጣ።

ሁለቱን ውሳኔዎች የወለዳቸው፣ ወይ ሥራ ወይ ወንዝ እንጂ ሁለቱ አብረው አይገኙም የሚለው ግምት ይመስለናል። እኛ በማሽኑ ላይ የምንቆም፣ ማጣሪያውን የምናንቀሳቅስና ከቦርከና ውሃ ቀድተን የምናለማ ሰዎች ነን። የምናየው ሌላ ነው። ያው ፋብሪካ ማታ ለማጣሪያ ገንዳው አየር የሚነፋውን ማሽን (ብሎወሩን) አጥፍቶ መብራት ይቆጥባል፤ በወር መጨረሻም ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ቀንሶ ብር ይቆጥባል። የመጀመሪያውን ወጪ ወንዙ ይሸከማል፣ ሁለተኛውን ሠራተኛው።

ኮምቦልቻ ለኢንዱስትሪ እንግዳ አይደለችም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በ75 ሄክታር ላይ ከመመረቁ ከብዙ ዓመታት በፊት ጨርቃ ጨርቅም፣ ቆዳም፣ ብረታ ብረትም ነበራት። ስለዚህ «ገና እየተማርን ነው» የሚለው መልስ ለዚህ ከተማ አይመጥንም። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነት ስትያዝ ፋብሪካዎች መዘረፋቸውን፣ በታኅሣሥ ወር ደግሞ አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከመላክ ዕድል፣ መሰረዟን አንዘነጋም። ባለሀብቱ ድጋፍ ያስፈልገዋል። መሬት፣ መብራት፣ የግብር እፎይታ ይሰጠው እንላለን። የማጣሪያ ግዴታውንና የደመወዝ ሕጉን ማላላት ግን ድጋፍ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም።

ከማስፋፊያው እንጀምር፣ ቁጥሩ ብዙ ስለሚናገር። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም ሲቀለም ለ1 ኪሎ ጨርቅ 10 ሊትር ያህል ውሃ በማቅለሚያው ገንዳ ይያዛል። ለጥቁርና ለደማቅ ቀለም በእያንዳንዱ ሊትር 60 ግራም ገደማ ጨው ይገባል። ይህ ማለት ለ1 ኪሎ ጨርቅ 600 ግራም ጨው ነው። በቀን 5 ቶን ጨርቅ በእንዲህ ዓይነት ቀለም የሚያቀልም ክፍል በቀን 30 ኩንታል ጨው ይጠቀማል። ጨው ቀለሙን ወደ ክሩ ይገፋል እንጂ ጨርቁ ላይ አይቀርም፤ የገባው በሙሉ ከውሃው ጋር ይወጣል። ከቀለሙም ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከጥጡ ጋር ሳይያያዝ ታጥቦ ይሄዳል። ማጠቡና በሳሙና ማፍላቱ ተጨምሮበት ለ1 ኪሎ ጨርቅ 100 ሊትር ውሃ ብንይዝ፣ በቀን 500 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ማለት ነው። ከማቅለሚያው ገንዳ ሲወጣ ሙቅ ነው፤ ሶዳ ስላለበትም ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ወደ 11 ይጠጋል። ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ውሃ ከ6 እስከ 9 ባለው ውስጥ መሆን አለበት።

ይህን የሚችል ማጣሪያ «በሂደት» የሚሟላ አይደለም። መጀመሪያ የግማሽ ቀን ፍሳሽ ማለትም 250 ሜትር ኩብ የሚይዝና የሚያማስል ማጠራቀሚያ ገንዳ ይፈልጋል፤ አለበለዚያ ጠዋት ጥቁር፣ ከሰዓት ነጭ፣ ማታ ቀይ የሚመጣውን ፍሳሽ በአንድ መጠን ማከም አይቻልም። ቀጥሎ አሲድ ተጨምሮ ፒኤቹ ይወርዳል፤ አልሙምና ፖሊመር ገብቶ ቀለሙ ይረጋል። የአልሙሙ መጠን በግምት አይሰጥም። በስድስት ብርጭቆ የተለያየ መጠን ተጨምሮ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ሩብ ሰዓት በዝግታ ተማስሎ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የቱ እንደጠራ ታይቶ ነው የሚወሰነው። ቀለሙ በተለወጠ ቁጥር ይህ ሙከራ ይደገማል። በአንዳንድ ጣቢያዎች ብርጭቆዎቹ ከመደርደሪያ ከወረዱ ወራት አልፏቸዋል፤ ጆንያው በዓይን ግምት ይገለበጣል።

ከዚያ ቆሻሻውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ወዳሉበት ገንዳ ይሄዳል። እነዚህ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ በሊትር ውሃ 2 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ካላገኙ ይዳከማሉ፣ ለረጅም ሰዓት ከታፈኑ ብዙዎቹ ይሞታሉ። እንደገና ለማራባት ሁለትና ሦስት ሳምንት ይወስዳል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚነሳው ለስፌት ማሽኑና ለቦይለሩ ነው። የብሎወሩ መስመር ከጄኔሬተሩ ጋር ያልተገናኘባቸው ፋብሪካዎች አሉ፤ ለማገናኘት የሚያስፈልገው ኬብልና ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ሆኖ ሳለ። ገንዳው ሲሞት ደግሞ ለሦስት ሳምንት ማቅለም የሚያቆም የለም። ፍሳሹን ሳይጣራ በቀጥታ የሚያሳልፈው ባይፓስ ቫልቭ ይከፈታል።

የምርመራውም አካሄድ ይህን አይይዝም። ባለሙያ በመኪና ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይመጣል፣ አንድ ጠርሙስ ይቀዳል፣ ፈርሞ ይሄዳል። ፍሳሽ የሚለቀቀው ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ባለው ፈረቃ ነው። ማጣሪያ መሥራቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከጠርሙሱ በፊት የሚያያቸው ነገሮች አሉ። የባይፓስ ቫልቩን እጀታ ይመልከት፤ እጅ ስለበዛበት ያበራል ወይስ ዝጓል? የአልሙም መጋዘኑን የወጪ ካርድ ከምርቱ ጋር ያስተያይ። የብሎወሩን የሥራ ሰዓት ቆጣሪ ያንብብ። ከሁሉ በላይ «ዝቃጩ የት አለ?» ብሎ ይጠይቅ። በደንብ የሚሠራ ማጣሪያ በየቀኑ ዝቃጭ ያወጣል፤ ማድረቂያ አልጋው ላይ ሣር ከበቀለ ጣቢያው አልሠራም።

እንዲህ ሁሉ ተሟልቶም ጨው በባክቴሪያም በአልሙም አይወጣም፣ አብሮ ይፈሳል። ከኮምቦልቻ በታች ባለው መስኖ የሚደርሰው ይህ ነው። የጨው ሶዲየም በሸክላ አፈር ውስጥ የካልሲየምን ቦታ ይወስዳል። አፈሩ ሲረጥብ ይበታተናል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ሲደርቅ ላዩ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። ገበሬው የሚያውቀው በሦስት ነገር ነው፦ ውሃው ሳይሰርግ ማሳው ላይ ይተኛል፤ የቦዩ ጠርዝ ነጭ ያበቅላል፤ የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ይቃጠላል። ማዳበሪያ ቢጨመር አይድንም፣ ጨው በጨው ላይ ነው። መድኃኒቱ ጂፕሰም የተባለውን ካልሲየም ያለበት ማዕድን መበተንና በንጹህ ውሃ ማጠብ ነው። ንጹህ ውሃ ከየት ይምጣ? በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹ ተጣርቶ ወደ ፋብሪካዎቹ እንዲመለስና ወደ ውጭ እንዳይለቀቅ ተደርጎ ማጣሪያው ሲገነባ ወጪ አይቻልም አልተባለም። ለኮምቦልቻም አይቻልም መባል የለበትም።

ቦርከና ኮምቦልቻ ሲደርስ ንጹህ ነው አንልም። ደሴን አቋርጦ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል ወርዶ ሲመጣ የመጸዳጃ ፍሳሽና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ነው። ፋብሪካዎች «ከደሴ የመጣ ነው» የሚሉትም በዚህ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ከፋብሪካው በላይ፣ በመውጫው ላይ እና ውሃው ከተቀላቀለ በኋላ በታች መቅዳት። ሦስቱን ያልያዘ ናሙና ለማንም አይፈርድም። ከሐርቡ እስከ ከሚሴ ያለው ሕዝብ፣ በበጋ ወደ ጨፋ ረግረግ የሚወርደው ከብት፣ ከዚያም አዋሽ ድረስ ያለው ሁሉ ይህን ውሃ ይጠብቃል። በጨፋ ከብቱን የሚያጠጣ አርብቶ አደር ከፋብሪካው ምንም የሥራ ዕድል አላገኘም፤ የደረሰው ፍሳሹ ብቻ ነው።

ስለ ቆዳ አንድ ነገር ብቻ እናንሳ፣ የሰው ሕይወት ስላለበት። ጸጉር ማራገፊያው ክፍል በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይሠራል፤ ቆዳው የሚለፋበት ክሮም ክፍሉ በአሲድ። ሁለቱ ፍሳሾች በአንድ ቱቦ ከተገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫ ማሽተት ያቆማል፣ ሠራተኛው ጠፋ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፣ ሊያወጣው የሚወርደውም አብሮት ይቀራል። ስለዚህ ሁለት የተለያየ መስመር፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ የጋዝ መለኪያ፣ ገመድና ከላይ የሚጠብቅ ሰው የግድ ናቸው። ክሮሙን መለየት ለባለሀብቱም ይጠቅማል። ከሚገባው ክሮም ሲሶ ያህሉ ሳይያዝ ይወጣል። ፒኤቹ ወደ 8 ተኩል ከፍ ሲል ይረጋል፣ ከዚያ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ተመልሶ ለሥራ ይውላል። ይህን ትቶ ክሮም ያለበትን ዝቃጭ ሜዳ ላይ ክረምት እስኪያጥበው መከመር ገንዘብም ጤናም መጣል ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በየሩብ ዓመቱ «ይህን ያህል የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚል ቁጥር ይነበባል። የሚቆጠረው የተቀጠረ ሰው ነው። 100 ሰው ተቀጥሮ 60ው ለቆ በምትኩ 60 ቢገባ ሪፖርቱ 160 ይላል፤ በማሽኑ ላይ ያለው ግን 100 ነው። ለምን ይለቃሉ የሚለውን የሚጠይቅ ቅጽ የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በ50ዎቹ ቀናት ላይ አሰናብቶ በሌላ ስም ዝርዝር መልሶ መቅጠር ሲደጋገም እያየን ነው። እንዲህ የተቀጠረ ሰው የዓመት ፈቃድም የሥራ ስንብት ክፍያም አይደርስበትም።

የትርፍ ሰዓቱን ስሌት በቁጥር እናሳይ። ደመወዙ 3,000 ብር የሆነ ሠራተኛ የሰዓት ክፍያው በ26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፣ ማለትም በ208 ሲካፈል 14 ብር ከ42 ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 21 ብር ከ63 ይሆናል። አንዳንድ የደመወዝ ክፍል ግን የዕረፍቱን ቀን ጨምሮ በ240 ያካፍላል፤ ያኔ 18 ብር ከ75 ይሆናል። ሕጉ በሳምንት 12 ሰዓት ትርፍ ይፈቅዳል፤ በአራት ሳምንት 48 ሰዓት ነው። ልዩነቱ በወር 138 ብር። ለአንድ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በሺህ ሠራተኛ 138,000 ብር ነው፣ በየወሩ። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የበዓል ቀን በ2.5 እንደሚባዛ ስንቱ የደመወዝ ወረቀት በግልጽ ያሳያል?

የግል ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እስካሁን የለም። አዋጁ በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ያዘዘው በ2011 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወደ ውጭ የሚሸጥ ፋብሪካ ከአንድ ሸሚዝ የሚያገኘው ብር በዚያው ልክ አደገ፤ የሰፊዋ ደመወዝ ግን ውሉ በብር ስለሆነ ባለበት ቀረ። የጤፉ፣ የዘይቱና የኪራዩ ዋጋ ግን እሷን አልጠበቀም። መንግሥት ከግብር ነጻ የሆነውን የደመወዝ መጠን በ2017 ዓ.ም. ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲያደርግ ኑሮ መለወጡን አምኗል። አሠሪውም ሊያምን ይገባል። የማጣሪያ ኬሚካል ተወደደ የሚለው ሰበብም ሙሉ አይደለም። ፖሊመሩ ከውጭ ይመጣል፣ አልሙሙ ግን እዚሁ አገር አዋሽ መልካሳ ይመረታል።

በፈትል ክፍል ያለውን የጥጥ ብናኝ ለማጣራት ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች እንኳ ይዘለላሉ። የማበጠሪያው መምጠጫ ቱቦ በየፈረቃው ካልተጠረገ ብናኙ በሳንባ ይገባል። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ሠራተኛው እሑድ አርፎ ሰኞ ሲመለስ ደረቱ ይጨመድደዋል፣ ማክሰኞ ይለቀዋል። በዓመታት ውስጥ ግን የማይለቅ ሕመም ይሆናል። ሰኞ ሰኞ ክሊኒክ የሚሄደውን ሰው ብቻ የሚቆጥር ቢኖር ችግሩ ከየትኛው ማሽን እንደሚመጣ ይደረስበታል። ሌላው የሰርቪስ ነገር ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት የምትወጣ ልጅ አስፋልት ላይ ወርዳ በጨለማ ወደ ኪራይ ቤቷ የምትገባው በእግሯ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ለማስፋፊያ ፈቃድ የሚሰጠው ማጣሪያው ከተሠራ በኋላ፣ በአዲሱ የፍሳሽ መጠን ለሦስት ወር ያለ ባይፓስ መሥራቱ በመዝገብ ከታየ በኋላ ይሁን። «በሂደት» የተባለለትም ፋብሪካ እስከዚያ የማቅለሚያ ማሽኖቹን ቁጥር እንዳይጨምር ይታገድ።

ፋብሪካ ሲቀጣ የሚታሸገው ፍሳሽ የሚያወጣው ክፍል ብቻ ይሁን። የስፌት፣ የማሸጊያና የጥገና ክፍሎች ውሃ አይለቁም፣ ሥራቸውን ይቀጥሉ። በታሸገው ክፍል ያለው ሠራተኛ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ በእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሥራ ከቆመ ደመወዝ እንደሚከፈለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይናገራል፤ የማሸጊያው ደብዳቤ ይህን በጽሑፍ ያካትት። እሽጉም ቀን ስለሞላ ብቻ አይነሳ። የሚጠገኑት ዕቃዎች በዝርዝር ይጻፉ፣ ተጠግነው ሲታዩ ይነሳ። በዚያ ጊዜ ሠራተኛው ገንዳ በማጽዳትና ዝቃጭ በማንሳት ከመከላከያ ልብስ ጋር ሊሠራ ይችላል።

ናሙና በየሁለት ሰዓቱ ለ24 ሰዓት ይቀዳ፣ ሌሊቱን ጨምሮ። ፒኤችና ሙቀት እዚያው ይለካ፤ ለብረታ ብረት የሚቀዳው ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበት፤ ሁሉም በበረዶ ይያዝ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ከተማችን ነው፤ መምህራንና ተማሪዎች አሉት፣ በዚህ ሥራ ይግባ። አንድ የሠራተኛና አንድ የመስኖ ተጠቃሚ ተወካይ ሲቀዳ ይቁሙ። ውጤቱ በፋብሪካው በርና በቀበሌ ሰሌዳ፣ ወደ ከሚሴ ደግሞ በኦሮምኛም ይለጠፍ። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካዎች መዝገብ እንዲይዙ ያዝዛል፤ መዝገቡ ለሕዝብ ይከፈት።

የሥራ ዕድል ሪፖርት ከቅጥር ቁጥር ጋር ዓመት የቆዩትን፣ መካከለኛ ደመወዙንና በሥራ ላይ የተጎዱትን ያሳይ። ማበረታቻ የሚያገኝ ባለሀብት የኅብረት ስምምነት የተፈራረመ፣ የትርፍ ሰዓትን በ208 የሚያሰላና የሌሊት ሰርቪስ እስከ ሰፈር የሚያደርስ ይሁን። የደመወዝ ቦርዱ እንዲቋቋም ክልሉ ለፌዴራል መንግሥት በደብዳቤ ይጠይቅ፣ ቅጂውም ይድረሰን።

የማጣሪያ ብሎወሮች ከጄኔሬተር መስመር ጋር እንዲገናኙ የ60 ቀን ገደብ ይሰጥ። ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው።

በመጨረሻም፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 በቀጥታ በሚነካን የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችን እንዲጠየቅ ደንግጓል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ሰነድ ከመጽደቁ በፊት በአማርኛ ተዘጋጅቶ በቀበሌ ይቀመጥልን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው ስለ ብክለት አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። ይህ ደብዳቤ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሆኖ እንዲመዘገብልንና ምላሹ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ለውይይት ስትጠሩን መዝገቦቻችንን፣ የደመወዝ ወረቀቶችንና የማሳውን አፈር ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች ተወካዮች
የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ኦፕሬተሮችና የጥገና ባለሙያዎች
ከኮምቦልቻ በታች በቦርከና የሚያለሙ የመስኖ ተጠቃሚዎች

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት አባላት
በቦርከና ተፋሰስ ለሚገኙ የቀበሌ አስተዳደሮች
ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች